ባለ ሁለት መስመር ሰንጠረዥ

የካቲት 6 ቀን 1975

በሴቶቹ ጨዋታ አሸናፊው ቡድን 31 ነጥብ አገባ፤ በወንዶቹ 74።

እሑድ ስለሆነ ሜዳ ዋልኩ። በስምንት ሰዓት የሁለተኛ ዲቪዚዮን ወንዶች፣ በዘጠኝ ሴቶች፣ በአሥር የአንደኛ ዲቪዚዮን ወንዶች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ባቡር ጣቢያ ፉርጎና ጆንያ እቆጥራለሁ፣ እሑድ የቅርጫት ኳስ ነጥብ። አምስት ዓመቴ። ሰማያዊ ቀለም ለገባው፣ ቀይ ለሳተው። ሰዓቱንም የምይዘው እኔው ነኝ። ክሮኖሜትሩ የኮሚቴው ነው፣ አውራ ጣቱ የኔ።

ሜዳው ድሬ ውስጥ፣ ከከዚራ ሰፈር ጫፍ፣ ደቻቱ ወንዝ አፋፍ ላይ ነው። አጥር የለውም። ኳስ ካመለጠ ተንከባሎ የደረቀው ወንዝ አሸዋ ውስጥ ይገባል። ዛሬ በሴቶቹ ጨዋታ ሰባት ጊዜ ወረደ። ሰባቱንም ጊዜ ፋዱማ ወርዳ አመጣችው፤ ለመስመሩ ቅርብ የምትጫወተው እሷ ናት። ሌሎቹ ፀሐዩ ላይ ቆመው ጠበቁ። እኔ ኮፍያ አለኝ።

ለአንደኛ ዲቪዚዮን ሁለት ኳስ ይሰጣል። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይገባል።

ከአሥር ሰዓት በፊት ተመልካች የለም። ወንዱ ሁሉ ጫቱን ይዞ የሚመጣው ለአንደኛ ዲቪዚዮን ነው። መብራት ስለሌለ እነሱ ሳይመሽ መጨረስ አለባቸው። አምፖሎቹ በጦርነቱ ጊዜ ከተማው ይጨልም ተብሎ ወረዱ፣ በዚያው ቀሩ።

31 እና 74... ይሄን ያህል? ይሄን ያህል ነው ማለት ነው። ጻፍኩ፣ ደብተሩን ዘጋሁ።

የካቲት 8

ጓድ ማዘንጊያ ልኮብኝ ሄድኩ። የቅርጫት ኳስ ኮሚቴው ሊቀመንበር ነው። ቬንትሌተሩን ወደራሱ አዙሮ ተቀምጧል። የዘንድሮውን ውጤት በሰንጠረዥ አድርገህ አምጣ አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ አልጠየቅኩም። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። አምስት ዓመት ስጽፍ ደብተሩን የጠየቀኝ ሰው የለም።

የካቲት 9

ሦስት መስመር ሠራሁ። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ ያገባው፦ አንደኛ ዲቪዚዮን 74፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን 32፣ ሴቶች 29። በየክፍሉ አሥር አሥር ጨዋታ።

ማዘንጊያ አየው። ዝርዝር አታብዛ አለ። አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ወንድና ሴት ብለህ በሁለት መስመር አድርገው። አንደኛውና ሁለተኛው ዲቪዚዮን ይደባለቅ? ይደባለቅ፣ ሁለቱም ወንድ አይደሉም እንዴ አለ።

እዚያው ቆሜ ሠራሁት። ሰባ አራትና ሠላሳ ሁለት፣ ለሁለት ሲካፈል ሃምሳ ሦስት። ወንዶች 53፣ ሴቶች 29። ለመሥራት ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ፈርም አለኝ። አዲስ አበባ ያለው የስፖርት መመሪያ ያለ ነጥብ ቆጣሪ ፊርማ ምንም አይቀበልም። ፈረምኩ። የመጨረሻውን ገጽ፣ የቅጣት ውርወራውን፣ ላሳየው ብል ቬንትሌተሩ ወረቀቱን ገለበጠበት። ተወው አለ።

የካቲት 13

ውሳኔው ሜዳው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ከሱ ሥር የኔ ሰንጠረዥ። ፊርማዬ ከሩቅ ይታያል።

በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ለሀገር አቀፉ ውድድር አንድ የወንድ፣ አንድ የሴት ምርጥ ቡድን አዲስ አበባ ይሄዳል። ባቡሩ ላይ ያለን ቦታ የሁለት ቡድን ነው። ዘንድሮ ሁለቱም የወንድ ይሆናል፦ አንደኛ ዲቪዚዮንና፣ «ተተኪ» በሚል ስም፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን። ሴቶቹ «ከሰንጠረዡ እንደሚታየው ደረጃቸው ዝቅተኛ በመሆኑ» ይቀራሉ። የእሑድ ሰዓታቸውም ከመጋቢት ጀምሮ ይነሳል። ይሄ ለውጥ የሚጸናው ሰንጠረዡ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት እስከ መጋቢት 6 በማታው ባቡር ከተላከ ነው። ካልተላከ እንደ አምናው ይቀጥላል።

የሁለተኛ ዲቪዚዮን ምርጥ ቡድን አሠልጣኝ የማዘንጊያ ሚስት ወንድም ነው። ይሄን ድሬ ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔም አውቅ ነበር። ታዲያ ስደምር ምን አሰብኩ? ምንም።

ፋርቱን መጣች። የሴቶቹ ምርጥ ቡድን አምበል ናት፣ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ትሠራለች። ፋብሪካው ለልምምድ ከሥራ የሚለቃቸው በኮሚቴው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ከቀረ ቡድን የለም፣ በቃ። ሻሿን ወደኋላ አስራ ሰሌዳውን አነበበች። ቀስ ብላ፣ ሁለቴ።

«ጋሽ ሣህሉ፣ ይሄ ያንተ እጅ ነው?»

ፋርቱን «ጋሽ» ትለኛለች፣ «አንተ» ትለኛለች። እዚህ ያደገ ሰው ሁለቱን አብሮ ያስኬዳል። መጀመሪያ ከሸዋ ስመጣ ይከነክነኝ ነበር።

የኔ ነው አልኳት።

«ሃያ ዘጠኝ ነን?»

በአማካይ አልኳት። አማካይ ምን እንደሆነ አስረዳኋት። ተሰብስቦ ሲካፈል ምናምን... እንደ አስተማሪ።

«ፋዱማ አሸዋው ውስጥ ኳስ ስትፈልግ የምንቆመውስ? እሱም ተካፍሏል?»

ቁጥር አይዋሽም አልኳት።

«አይዋሽም፣ አቦ። አፍ የለው።»

ሰንጠረዡን ከሰሌዳው ነቀለችው። አራት ቦታ አጥፋ ካልሲዋ ውስጥ ከተተችው። ሰው ሁሉ እያየ። ከዚያ ገብታ ተጫወተች፣ 14 ነጥብ አገባች። ጻፍኩላት።

የካቲት 14

በፋርቱን ተናድጄ ዋልኩ። ምን ታውቃለች? ማን ስንት እንዳገባ ከኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? አንድም ቀን ነጥብ አጉድዬባቸው አላውቅም። አንድም ቀን።

ለባለቤቴ ለበለጠች ነገርኳት። ስለ ኳስ ምንም አታውቅም። ተሳሳትክ ሳትለኝ፣ ልክ ነህም ሳትለኝ፣ ልብስ ታጥፍ ነበር። ይበልጥ አናደደችኝ።

የካቲት 16

ካሂን ጣቢያ የጭነት ሠራተኛ ነው። አምና ሁለተኛ ዲቪዚዮን ይጫወት ነበር፣ ዘንድሮ ወደ አንደኛ አደገ። አምና በጨዋታ 6 ነጥብ፣ ዘንድሮ 13። ደብተሬ ውስጥ ነው ያለው። ዛሬ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ አገኘሁት። ምን በልተህ ነው እጥፍ የሆንከው ብዬ ቀለድኩበት።

«እኔ ምን ሆንኩ? ያው እግሬ፣ ያው እጄ ነው። ሰዓቱ ነው የተለወጠው።»

የቱ ሰዓት?

«ያንተ ነዋ፣ ጋሽ ሣህሉ። አምና ኳሱ ደቻቱ ሲወርድ ሰዓትህ ጥሎን ይሄድ ነበር። ዘንድሮ ይቆማል። እንደ ሙሽራ ይጠብቀኛል ወላሂ።»

ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። እኔም ከነሱ ጋር ሳቅኩ። ከዚያ ፉርጎ ቀረበ ተባለና ተነሱ፤ እኔም እንደ ልማዴ ቅጹን አወጣሁ። በቅጹ ላይ ሁለተኛው ዓምድ «ፉርጎው የቀረበበት ሰዓት» ይላል። ሠራተኛው ስንት ጆንያ ጫነ የሚባለው ፉርጎው ከቀረበ ወዲህ ነው። ፉርጎ ሳይኖር የቆመበት አይቆጠርበትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ዓምድ ሳልሞላ ያለፍኩበት ቀን የለም።

እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ።

የካቲት 17

እንቅልፍ አልወሰደኝም እንዳልል ወስዶኛል። ግን ስነሣ መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው።

ለሁለተኛ ዲቪዚዮንና ለሴቶች ሰዓት አላቆምም። ማንም ክፉ አስቦ ያወጣው ደንብ አይደለም። አምፖሎቹ ሲወርዱ፣ አንደኛ ዲቪዚዮን ሳይመሽ እንዲጨርስ፣ ፊተኞቹ ጨዋታዎች ሠላሳ ደቂቃ ሰዓቱ ሳይቆም ይሂዱ ተባለ። ኳስ ቢወርድ፣ ዳኛ ቢነፋ፣ ሰው ቢወድቅ ይሄዳል። አንደኛ ዲቪዚዮን አርባ ደቂቃ ይጫወታል፣ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር እያቆምኩ። ለመድኩት። አምስት ዓመት አንዱን አውራ ጣቴን ለአንዳንዱ አነሣለሁ፣ ለአንዳንዱ አላነሣም... ከዚያ ውጤታቸውን ጎን ለጎን ጽፌ እፈርማለሁ።

የካቲት 20

ሁለት ሰዓት ይዤ ሄድኩ። ክሮኖሜትሩን እንደ ወትሮው አስኬድኩት። በግራ እጄ ደግሞ የራሴን። ኳስ ሜዳ ውስጥ ሲሆን ብቻ ቆጠርኩ፣ ሲወጣ ያዝኩ፣ ሲመለስ ለቀቅኩ።

ሴቶች ከሠላሳው ደቂቃ የተጫወቱት 17። ሁለተኛ ዲቪዚዮን 18።

አሥራ ሰባት ደቂቃ። ቀሪውን አሥራ ሦስት ፀሐይ ላይ ቆመው ደቻቱን ያዩ ነበር።

ፋርቱን ሁለቱን ሰዓት አየች። በአጠገቤ ባለፈች ቁጥር ግራ እጄን ታያለች።

የካቲት 21

ሒሳቡን ሠራሁ። የአንድ እሑድ ልኬት ነው፣ ሁለትና ሦስት እሑድ ቢሆን ይሻል ነበር። ቢሆንም።

አንደኛ ዲቪዚዮን 74፣ በ40 ደቂቃ።
ሁለተኛ ዲቪዚዮን 32፣ በ18 ደቂቃ። ወደ አርባ ሲመጣ 71።
ሴቶች 29፣ በ17 ደቂቃ። ወደ አርባ ሲመጣ 68።

ልዩነት አለ። የለም አልልም። ወንዶቹ ይረዝማሉ፣ ይዘላሉ፣ ከቅርጫቱ ሥር ኳስ ይቀማሉ፤ ይሄ ደብተሬ ላይም አለ። ግን የስድስት ነጥብ ልዩነት ነው። ያውም ከአንደኛዎቹ። ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ሦስት። ሃምሳ ሦስትና ሃያ ዘጠኝ ያልኩት ከየት መጣ? ከአውራ ጣቴ። ቀሪው ደግሞ ሁለተኛ ዲቪዚዮንን በአንደኛው ጀርባ ከማሳዘሌ።

ሰዓት የማይነካው አንድ ነገር አለ፣ የቅጣት ውርወራ። ሰዓት ቆሞም ሆነ ሄዶ ኳሱ ወይ ይገባል ወይ አይገባም። ሴቶች ከመቶ 58፣ አንደኛ ዲቪዚዮን 54፣ ሁለተኛ 47። አምስት ዓመት የመጨረሻው ገጽ ላይ ተኝቶ ነበር። ቬንትሌተሩ የገለበጠው ገጽ።

ለበለጠች አሳየኋት። ቁጥሩን አላየችም። «ሰዓቱን የያዘው አንተ አይደለህ?» አለችኝ። ነኝ አልኩ። «እና በማን ነው የምትናደደው?»

በሁሉም። መጀመሪያ በራሴ፣ ከዚያ በሁሉም።

የካቲት 23

ማዘንጊያ ዘንድ ሄድኩ። አዲሱን ሰንጠረዥ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። የደቂቃ ዓምድ ጨምሬበታለሁ። የፉርጎውን ነገር ጭምር አስረዳሁት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ፤ ይሄ ጥሩ ምልክት መስሎኝ ነበር። ሞኝ።

ውሳኔው ተላልፏል አለ። ስብሰባው አጽድቆታል። የጸደቀን ነገር ማደናገር ምን እንደሚባል አንተም ታውቃለህ አለ። ድምፁን እንኳ አልጨመረም። ይልቅ ሰሌዳው ላይ የነበረውን ያቺ ልጅ ነቅላ ስለወሰደችው ሌላ ያስፈልገኛል፣ በታይፕ በሦስት ኮፒ ይሠራል፣ መጥተህ ትፈርማለህ አለ።

ቁጥሩ ትክክል አይደለም፣ ጓድ ማዘንጊያ፣ አልኩት።

«የማን ቁጥር ነው?»

«የኔ።»

«ፊርማውስ?»

«የኔ።»

«እንግዲህ» አለና የሌላ ሰው ወረቀት አነሣ።

ወጣሁ። ከዚራ ጥላ ለጥላ ነው፣ እኔ ግን አስፋልቱ መሐል ሄድኩ። ጋሪ ነጂ ሰደበኝ። ልክ ነበር።

የካቲት 27

የሴቶች ፍጻሜ ነበር። የመጨረሻቸው። ሁለተኛ ዲቪዚዮን ዘግይቶ ስለገባ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ጀመሩ።

አስቤ አልነበረም። ወይም አስቤ ነበር፣ አላውቅም። ፊሽካ ተነፋ፣ ኳሱ ደቻቱ ወረደ፣ አውራ ጣቴ ተነሣ። ሰዓቱ ቆመ። ፋዱማ ወርዳ ወጣች። ኳሱ ሲገባ ለቀቅኩት። ዳኛው አየኝ። ደንቡ መጽሐፉ ላይ ያለው ይሄ ነው አልኩት፣ አርባ ደቂቃ፣ እያቆሙ። ትከሻውን ነቅንቆ ቀጠለ።

ሴቶቹ መጀመሪያ አልገባቸውም። በሩጫ መጫወት የለመዱ ናቸው፣ ኳስ ሲያገኙ ሰዓቱ ሳያልቅ ብለው ይወረውራሉ። ከዚያ ፋርቱን ወደ ጠረጴዛው ዞር ብላ አየች፣ ሰዓቱን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ቆሟል። ሁለት እጇን ወደታች አድርጋ ለልጆቹ በሶማሊኛ ተናገረች። ረጋ በሉ መሆን አለበት። ረጉ። ኳሱን መቀባበል ጀመሩ። አምስት ዓመት ሳያቸው እንደዚያ ሲጫወቱ አይቼ አላውቅም፤ ጊዜ ኖሯቸው አያውቅማ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ተመልካቹ መጣ። ሜዳው አልተለቀቀም። መጀመሪያ ጮሁብን። አንዱ፣ ሴቶቹ እራት እዚሁ ሊያበሉን ነው አለ፣ ተሳቀ። የአንደኛ ዲቪዚዮን አሠልጣኝ ጠረጴዛዬን በጡጫ መታ። ሰዓቱ ይሂድ አለኝ። አልሄደም። ቆይቶ ጩኸቱ ተለወጠ። ሜዳውን ማየት ጀመሩ። ካሂን መስመሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ኳሱ ሲወርድ እየሮጠ ያመጣላቸው ነበር። ቶሎ እንዲያልቅለትም ይሆናል።

64 ለ 59። ፋርቱን 27።

እኔ 68 ብዬ ነበር በወረቀት። ለአሸናፊው አራት፣ ለተሸናፊው ዘጠኝ ጎደለ። በዚያ ፀሐይ ይሄን ያህል ደቂቃ ሮጠው አያውቁም፣ መጨረሻ ላይ እግራቸው ዛለ። ቢሆንም ወረቀቱ አላሳፈረኝም።

አንደኛ ዲቪዚዮን ከአሥራ አንድ በኋላ ጀመረ። ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ጨለመ። ኳሱ ሲወረወር አይታይም ነበር። ተቋረጠ። ማዘንጊያ ከሰዎቹ መሐል ቆሞ ያየኝ ነበር። ወደኔ አልመጣም።

መጋቢት 1

ስብሰባ ጠሩኝ። አምስት ሆነው ተቀምጠዋል፣ እኔ ለብቻዬ ፊት ለፊት። ክሮኖሜትሩን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጥ ጠየቁኝ፣ አስቀመጥኩ። ሂስ ተባለ፣ ግለ ሂስ ተባለ። የአንደኛ ዲቪዚዮንን ጨዋታ አሰናክለሃል፣ ሕዝብ አሳዝነሃል፣ ከማን ጋር ተማክረህ ነው? ከማን ጋር... ይሄን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ከዚህ ጥያቄ በኋላ ስንቱ ሰው ቤቱ አልተመለሰም።

ከማንም ጋር አልኩ።

ማዘንጊያ እዚህ ላይ ለሰለሰ። ምናልባት ሰዓቱ ተበላሽቶ ይሆናል አለ። ሰዓት ይበላሻል። አንድ አጭር ደብዳቤ ጻፍ፣ ተበላሽቶብኝ ነው በል፣ ማክሰኞ ሰንጠረዡን ፈርም፣ አንተው ጣቢያ ስለምትውል ለማታው ባቡር አድርስልን። ከዚያ ወንበርህ ያንተ ነው።

እሺ አልኩ።

መጋቢት 2

ጻፍኩ። «ክሮኖሜትሩ በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት።» አራት ቃል። ሰዓቱ ምንም አልሆነም። በአምስት ዓመት በትክክል የሠራው አንድ ቀን ነው፣ በዚያው ቀን ተበላሽቶ ነበር ብዬ ፈረምኩበት።

አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደግሞ ወንበር ፈለግኩ! የእሑድ ወንበር!

መጋቢት 4

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳው ባዶ ነበር። ሁለተኛ ዲቪዚዮን በስምንት ተጫውቶ፣ ከዚያ ማንም የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶ ሜዳ። ለፊተኞቹ ጨዋታዎች ሰዓት አይበቃም ሲባል የነበረው ለዚህ ነው።

ፋርቱን መጣች፣ በሥራ ልብሷ። ሌሎቹ አልመጡም። መስመሩ ላይ ቆማ ሜዳውን አየች፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛዬ። ስለ ደብዳቤው የሰማች መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። ሰምታለች። ድሬ ነው።

እሷ ግን የጠየቀችኝ ሌላ ነው። የሷን የቅጣት ውርወራ። ደብተሩን ገለጥኩ። ከመቶ 66።

«የካሂንስ?»

«51።»

ሳቀች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ ጥርሷ እስኪታይ። ለኮሚቴው ልትነግሪ ነው ወይ አልኳት።

«ለማንም አልነግርም። ለራሴ ላውቀው ብዬ ነው። አምስት ዓመት የሠራሁትን አንድ ሰው በትክክል ይንገረኝ አልኩ።»

ከካልሲዋ ውስጥ ያቺን ወረቀት አወጣች። የኔን። በላብ ለስልሳለች፣ መታጠፊያዋ ላይ ተበጥሳለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ያንተ ናት። እኔ ጋ ምን ትሠራለች።»

ሄደች። በድልድዩ አልሄደችም፣ በአሸዋው ተሻግራ ወደ መጋላ ሰፈር ወጣች። እስክትጠፋ አየኋት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 5

ማታ ለበለጠች ነገ እፈርማለሁ አልኳት። «ነገ ማታ ምን ትለኛለህ?» አለች።

መጋቢት 6

በዘጠኝ ሰዓት ኮሚቴው ቢሮ ገባሁ። ማዘንጊያ የለም። ለኔ አደራ ጥሎ ሄዷል፦ ፈርም፣ ማኅተም አስመታ፣ ፖስታ ውስጥ አሽግ፣ ለማታው ባቡር አድርስ። ታይፒስቷ የሺአረግ ሦስቱን ኮፒ እየጨረሰች ነበር። ሞቅ ያለ ቀን ነው፣ ኮፍያዬን አውልቄ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። መሳቢያዋን በቁልፍ ከፍታ ማኅተሙን አወጣች።

ወረቀቶቹን ሰጠችኝ። ወንዶች 53፣ ሴቶች 29። በታይፕ ሲሆን ደግሞ እውነት ይመስላል። ከሥሩ ስሜ፣ ከስሜ በላይ ባዶ መስመር።

አጠገቡ ያችን በላብ የለሰለሰች ወረቀት አወጣሁ፣ ላስተያይ ብዬ። ያው ነው። አንድም ቁጥር አልተሳሳተችም።

እስክሪብቶ አነሣሁ። የሺአረግ እዚህ ጋ ብላ በጣቷ አሳየችኝ፣ ከዚያ ማኅተሙን ቀለም ላይ ታሸው ጀመር። በመስኮቱ ሜዳው ይታያል። ባዶ። ዘጠኝ ሰዓት። የሴቶቹ ሰዓት ነው ብዬ አሰብኩ፣ ዛሬ እሑድ እንዳልሆነ ረስቼ።

«ጋሽ ሣህሉ፣ ይፈርሙ እንጂ። ባቡሩ እንዳያመልጥዎ።»

የሺአረግ «እርስዎ» ነው የምትለኝ፣ ሰው አክባሪ ናት። ስንት ደቂቃ ነው የተጫወቱት ይላል አልኳት።

«የት?»

«እዚህ ወረቀት ላይ። ስንት ደቂቃ ይላል?»

ወረቀቱን አየች። አገላበጠች። «አይልም» አለች።

«አይልም» አልኩ።

እስክሪብቶውን ከሦስቱ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩ። ባዶው መስመር ባዶ እንደሆነ ነው። ማዘንጊያ ስድስት ሰዓት ሙሉ ቢፈልገኝ አያገኘኝም፣ ከማታው ባቡር በፊት ሌላ ቆጣሪ አያገኝም፤ ካልተላከ ደግሞ እንደ አምናው ሴቶቹ ይሄዳሉ። ነገ ግን ያገኘኛል። ነገ ሲጠይቁኝ፣ ከማን ጋር ተማክረህ ሲሉኝ... አውቃለሁ።

ያችን የለሰለሰች ወረቀት ኪሴ ከትቼ ተነሣሁ። የሺአረግ ማኅተሙን እንደያዘች፣ ማኅተሙስ አለችኝ። ፖስታውስ? ባቡሩስ?

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ነው ኮፍያዬን ጠረጴዛው ላይ መርሳቴን ያወቅኩት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አልተመለስኩም።